“ታገሺ፣ ጸልዪለት” ብቻ ይበቃልን? በከተማ የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል የእህቶቻችንን አቅም ማጎልበት



ከእሁድ አምልኮ በኋላ ምዕመናን በግቢው ውስጥ ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ አንዲት እህት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ አውርዳ በጎን በር ስትወጣ ያላየ ማን አለ? “ምን ሆንሽ?” ስትባል “ደረጃ ላይ ወድቄ ነው” ትላለች። ደፍራ ለአንድ ሽማግሌ እውነቱን የነገረች እንደሆነም ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ አንድ ነው፦ “እህቴ፣ ታገሺ፤ ጸልዪለት፤ ትዳር መስቀል ነው።” አብረው ይጸልያሉ፤ እርሷም ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጠላዋ እንደገና ወርዶ ይታያል።

ጸሎት ኃይል አለው፤ ትዕግሥትም የመንፈስ ፍሬ ነው። ይህን የሚክድ አማኝ የለም። ይሁን እንጂ ሌላ ምንም ሳናደርግ “ታገሺ” ብለን የምንሸኛት እህት ብቻዋን ወደ ዱላው እየተመለሰች ነው። የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው፦ የቤት ውስጥ ጥቃትን መከላከል የሚጀምረው ሴቲቱ ብቻዋን መሆኗ ሲያበቃ ነው። በእጇ ጥቂት ገንዘብ፣ በአእምሮዋ የመብቷ ዕውቀት፣ በአጠገቧ በር የሚከፍቱላት እህቶች፣ ከኋላዋም የሚማታውን የምትገሥጽ ቤተ ክርስቲያን ሊኖሯት ይገባል።

1. የቤት ውስጥ ጥቃት ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የቤት ውስጥ ጥቃት ሲባል የሚታየን ድብደባ ብቻ ነው። ነገር ግን ጥቃት ብዙ መልክ አለው። መምታት፣ መግፋት፣ ማነቅ አካላዊ ጥቃት ነው። ያለ ፈቃዷ ማስገደድ ወሲባዊ ጥቃት ነው። ዘወትር መሳደብ፣ በልጆች ፊት ማዋረድ፣ “እገልሻለሁ” ብሎ ማስፈራራት የስሜት ጥቃት ነው። ደመወዟን መቀማት፣ ለአስቤዛ እንኳ ገንዘብ መከልከል፣ ሥራ እንዳትሠራ መከልከልም ጥቃት ነው።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ አንዱ ሌላውን በፍርሃት ለመግዛት መፈለጉ። ስለዚህ ማንኛውም የባልና የሚስት አለመግባባት ጥቃት አይባልም። በአለመግባባት ሁለቱም ይናገራሉ፤ በጥቃት ግን አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይፈራል።

2. ጉዳዩ ምን ያህል ሰፊ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተከታታይ ጥናቶቹ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት በዝርዝር ጠይቆ ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶው በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህም ከሦስት ሴቶች አንዷ ማለት ነው። ጥናቱ የቤተ ክርስቲያን ምዕመናንን ለይቶ አልጠየቀም፤ ሆኖም እኛም የምንኖረው በዚያው ኅብረተሰብ ውስጥ ነው።

ከዚህ የሚያሳዝነው ደግሞ ዝምታው ነው። በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። “ገመናዬን አላወጣም” በሚል ቃል ብዙ ሥቃይ ተሸፍኗል።

የሚያበረታታ ነገርም አለ፤ አስተሳሰብ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት ቢያንስ አንድ አለ ያሉ ሴቶች 81 በመቶ፣ ወንዶች 52 በመቶ ነበሩ። ምክንያት ተብለው የቀረቡትም ወጥ ማሳረር፣ መከራከር፣ ሳይነግሩ መውጣትና የመሳሰሉት ነበሩ። በ2016 ግን ሴቶቹ ወደ 63 በመቶ፣ ወንዶቹ ወደ 28 በመቶ ወርደዋል። ከወንዶቹ ይልቅ ዱላው ይገባኛል የሚሉት ሴቶቹ መሆናቸውን ልብ እንበል። ስለዚህ የሴቶችን አቅም ማጎልበት ከኪስ በፊት ከአእምሮ ይጀምራል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረች መሆኗን ያላመነች ሴት መብቷን ብትነግሯት አትጠቀምበትም።

3. ስለ ከተማ ለምን እንናገራለን?

ገጠሩ ከጥቃት ነፃ ስለሆነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባለው ገጠር አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው በትዳር አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

የከተማ ኑሮ ግን የራሱ የሆነ ችግር አለው። በገጠር የምትኖር ሴት ቢያንስ አባቷ፣ ወንድሟ ወይም የአካባቢ ሽማግሌ በቅርብ ይገኛሉ። ከክፍለ ሀገር መጥታ በአዲስ አበባ፣ በአዳማ ወይም በሐዋሳ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር እህት ግን ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ባሏ ከሆነ ጥላው የምትወጣበት ስፍራ የላትም። ኑሮው ተወድዷል፤ ሥራ ያጣ ወይም በመጠጥ የተያዘ ባል ንዴቱን ይዞ የሚገባው ወደ ቤቱ ነው። ይህ ግን ለጥቃቱ ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ከእርሱ ጋር እኩል የተቸገረ ጎረቤቱ ሚስቱን አይመታምና። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጩኸቱ ይሰማል፤ በሩን የሚያንኳኳ ግን ጥቂት ነው። “በባልና በሚስት መካከል አይገባም” እንላለን።

በሌላ በኩል ከተማ ገጠር የሌለው ጥቅም አለው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማኅበራት በቅርብ ይገኛሉ። በየሰፈሩም ቤተ ክርስቲያን አለ። ጉድለቱ ሴቲቱንና እነዚህን የሚያገናኝ ሰው መጥፋቱ ነው።

4. መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

በምክር ጊዜ ከሚልክያስ 2፥16 የምንጠቅሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር መፋታትን እንደሚጠላ። ነገር ግን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በዚያው ቃል ውስጥ ልብሱን በግፍ ስለሚሸፍን ሰውም ተነግሯል። ሚስት የቃል ኪዳን አጋር መሆኗንና እግዚአብሔር ራሱ ለእርሷ ምስክር ሆኖ መቆሙን ደግሞ ቁጥር 14 ያስረዳል። እንግዲህ ቃል ኪዳኑን ያፈረሰው ማን ነው? የሸሸችው ሚስት ናት ወይስ እጁን ያነሣው ባል?

ኤፌሶን 5ም እንዲሁ ነው። ሚስቶች እንዲገዙ የሚናገረው ክፍል የሚቀድመው አንዱ ለሌላው በክርስቶስ ፍርሃት እንዲገዛ የሚናገረው ቁጥር 21 ነው። ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው እንዲወድ፣ ክርስቶስ ራሱን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፎ እንደ ሰጠ እንዲሰጥ ታዟል። ክርስቶስ ለሙሽራይቱ ቆሰለ እንጂ ሙሽራይቱን አላቆሰለም። ሐዋርያው ጴጥሮስም ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል አስጠንቅቋል (1ጴጥ. 3፥7)።

“ከቤት መውጣት እምነት ማጣት ነው” ለሚሉ ደግሞ የዳዊትን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። ዳዊት ሳኦልን እግዚአብሔር የቀባው ንጉሥ ነው ብሎ አከበረው፤ እጁንም አላነሣበትም። ሆኖም ሳኦል ጦሩን በወረወረበት ጊዜ ዞር አለ፤ በመጨረሻም በመስኮት ወርዶ አመለጠ (1ሳሙ. 18፥11፤ 19፥10-12)። ጦር በሚወረወርበት ክፍል ተቀምጦ በገናውን መደርደር አልቀጠለም። ማክበርና መሸሽ በዳዊት ሕይወት አብረው ሄደዋል። ነፍሷን ለማትረፍ ወደ እህቷ ቤት የሄደች ሴትም ትዳሯን አፈረሰች ማለት አይደለም፤ ለጊዜው መለየትና መፋታት አንድ አይደሉምና።

5. አቅም ማጎልበት ማለት ምን ማለት ነው?

ሀ) የራሷ ገንዘብ እንዲኖራት ማድረግ

የምሳሌ 31 ሴት እርሻ አይታ ትገዛለች፣ ትነግዳለች፣ ለድሃም እጇን ትዘረጋለች። በአገራችንም ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት የወጣ መልካም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ2002 የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቲርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ የተራድኦ ድርጅት ጋር በመሆን በናዝሬት (አዳማ) ከተማ 5 የራስ አገዝ ቡድኖችን ጀመረች። ሐሳቡ ከህንድ ልምድ የተወሰደ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቡድኖች ተመሥርተዋል፤ አብዛኞቹ አባላትም ድሆች የሆኑ ሴቶች ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ በኑሮ የሚመሳሰሉ ሴቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ሁሉም የሚችሉትን ትንሽ መጠን ይቆጥባሉ። መተዳደሪያ ደንባቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ስብሰባውንም በየተራ ይመራሉ። ከእቁብ የሚለየው ገንዘቡ በዕጣ ለአንዱ ተሰጥቶ የሚያልቅ ሳይሆን በቡድኑ ተቀምጦ ለአባላት እየተበደረና እየተመለሰ የሚያድግ በመሆኑ ነው። ለምሳሌ 20 እህቶች በሳምንት 20 ብር ቢቆጥቡ በሳምንት 400፣ በዓመት (52 ሳምንታት) 20,800 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ አንዷ ለእንጀራ መጋገሪያ ምጣድ፣ ሌላዋ ለጉሊት ንግድ መነሻ ትበደራለች።

ይህ ከጥቃት ጋር ምን ያገናኘዋል? የራሷ ገቢ ያላት ሴት “የት ትሄጃለሽ?” ለሚለው ማስፈራሪያ መልስ አላት። ከዚህም በላይ በየሳምንቱ ፊቷን የሚያዩ 19 ሴቶች አሏት። አንድ ሳምንት ብትቀር “ምን ሆና ነው?” ብለው ወደ ቤቷ ይሄዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው ነው።

ማስጠንቀቂያም ያስፈልጋል። ሚስት ገንዘብ ማግኘት ስትጀምር “ከእጄ ልትወጣ ነው” ብሎ ጥቃቱን የሚያብስ፣ ወይም ብድሩን የሚቀማ ባል አለ። ስለዚህ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ገጠር ለድሃ ሴቶች አነስተኛ ብድር ከትምህርትና ከውይይት ጋር ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጥናቱ ውጤት በሁለት ዓመት ውስጥ በትዳር አጋር የሚደርሰው ጥቃት በ55 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

የኡጋንዳ ዋና ከተማ የካምፓላ ልምድ ደግሞ ለእኛ ከተሞች ይበልጥ ይቀርባል። ሳሳ (በስዋሂሊ “አሁን” ማለት ነው) በተባለው ሥራ የየሰፈሩ ወንዶችና ሴቶች፣ ፖሊሶች፣ የጤና ሠራተኞችና የሃይማኖት መሪዎች ስለ ኃይልና ስለ ጥቃት ጎረቤቶቻቸውን ያወያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት፣ ሥራው በተካሄደባቸው ሰፈሮች ሴቶች በዓመቱ ውስጥ የደረሰባቸው አካላዊ ጥቃት ካልተካሄደባቸው ሰፈሮች በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሴቲቱን ስናበረታ ባልየውንና ጎረቤቱንም ማስተማር አለብን።

ለ) ሕጉን እንድታውቅ ማድረግ

ሐዋርያው ጳውሎስ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ዝም አላለም። የሮም ዜግነቱን አንሥቶ ሕጉ እንዲጠብቀው ጠየቀ፤ ግርፋቱም ቀረ (ሐዋ. 22፥25-29)። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆችም መብታቸውን በጉባኤ ፊት ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም ትክክል መሆናቸውን ለሙሴ ነገረው (ዘኍ. 27፥1-7)። መብትን መጠየቅ መንፈሳዊነትን አይቀንስም። እንግዲህ እህቶቻችን ቢያንስ እነዚህን ይወቁ፦

- በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሴቶች በጋብቻ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል (አንቀጽ 34 እና 35)።
- በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።
- በዚሁ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። የጋራ የሆነን ቤት ባል ያለ ሚስቱ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም።
- ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ድብደባና ጉዳት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። “ሚስቴ ናት፣ ምን አገባህ?” የሚባልበት ሕጋዊ መሠረት የለም።

ሕጉ ጉድለት እንዳለበትም አንሸሽግም። ይኸው የ1997ቱ ሕግ የአስገድዶ መድፈርን ወንጀል ሲተረጉም ከጋብቻ ውጪ የሆነውን ብቻ ነው ያነሣው። ነገር ግን አማኝ ባል የሚመዘነው በመንግሥት ሕግ ብቻ አይደለም። በ1ቆሮ. 7፥4 የባል ሥጋ የሚስት እንደሆነ፣ የሚስትም የባል እንደሆነ ተጽፏል፤ ማስገደድ በዚህ ቃል ውስጥ ስፍራ የለውም።

ሐ) ወዴት እንደምትሄድ እንድታውቅ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር በመስጠት ይታወቃል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአዲስ አበባ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ ከፍቶ ሲያገለግል ቆይቷል። በፖሊስ ጣቢያዎች የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉ ክፍሎች ተቋቁመዋል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተከፍቷል። የእያንዳንዱ አጥቢያ አገልጋይ በአካባቢው ያሉትን እንዲህ ያሉ ስፍራዎች ስልክ ጠይቆ በማስታወሻው ሊይዝ ይገባዋል።

6. አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

አንደኛ፣ ሴቲቱን ለብቻዋ እናዳምጣት፤ ቢቻል በሴት አገልጋይ። ባልየውን አጠገቧ አስቀምጠን “እስኪ ችግራችሁን ንገሩን” ብንላት እውነቱን አትናገርም፤ ብትናገርም ማታ የምትከፍለው እርሷ ናት።

ሁለተኛ፣ “አንቺስ ምን አጥፍተሽ ነው?” ብለን አንጀምር። ሰው ቢያጠፋ መገሠጽ አለ፤ ለዱላ ግን ምክንያት የሚሆን ጥፋት የለም።

ሦስተኛ፣ አደጋውን እንመዝን። አንቆ ያውቃል? በስለት ወይም በመሣሪያ አስፈራርቷል? ልጆቹንስ ነክቷል? እንዲህ ከሆነ ሽምግልናው ይቆይ፤ መጀመሪያ እርሷና ልጆቿ ወደማይደረስባቸው ስፍራ ይሂዱ።

አራተኛ፣ አስቀድማ እንድትዘጋጅ እንርዳት። መታወቂያዋን፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀቶችን፣ የባንክ ደብተሯንና ጥቂት ገንዘብ በምታምናት እህት ቤት ታስቀምጥ። ከአንዲት ጎረቤት ጋር ምልክት ትስማማ፤ ልጇን “ጨው ስጡኝ በል” ብላ ስትልክ ጎረቤቲቱ ሌሎችን ይዛ ትመጣለች። ጉዳት ከደረሰባት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ትያዝ።

አምስተኛ፣ የሚማታውን ወንድም እንጋፈጠው። መዘምር ወይም ዲያቆን ስለሆነ አናልፈው። በማቴዎስ 18 የተሰጠው ሥርዓት ለእርሱም ይሠራል፤ በ1ጢሞ. 3፥3 ተደባዳቢ ሰው ለመሪነት እንደማይበቃ ተነግሯል። በአንድ ቀን ለቅሶ “ተለውጫለሁ” ቢል ደስ ይለናል፤ ነገር ግን የንስሐ ፍሬ በወራት የሚታይ ነውና ሚስቱ ወዲያው እንድትመለስ አናስገድዳት።

ስድስተኛ፣ ምስጢሯን እንጠብቅ። የጸሎት ርእስ አድርገን በየቤት ኅብረቱ ብንናገረው ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ለባሏ ይደርሳል።

ሰባተኛ፣ ሳይደርስ እናስተምር። በቅድመ ጋብቻ ትምህርት፣ በወጣቶች ፕሮግራምና በወንዶች ኅብረት ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ይሰበክ። ወንዶች ልጆቻችን ቁጣን እንዴት እንደሚገዙ ከእኛ ይማሩ።

7. የመጨረሻ ቃል

በጥቃት ውስጥ ያለሽ እህት ሆይ፣ የደረሰብሽ ነገር የእግዚአብሔር ቅጣት አይደለም፤ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። ዛሬ ለአንዲት ለምታምኛት ሴት ተናገሪ። መናገር ገመናን ማውጣት ሳይሆን እርዳታ መጥራት ነው።

ሚስትህን የምትመታ ወንድም ሆይ፣ ከመድረክ ላይ እጅህን አንሥተህ ስታመልክ ያው እጅ በቤት የሚያደርገውን እግዚአብሔር ያያል። መንገዱ አልተዘጋም። ለመጋቢህ በራስህ አንደበት ተናገር፤ ምክርና ተጠያቂነትን ተቀበል፤ ሚስትህ ደኅንነት እስኪሰማት ድረስ ጠብቅ።

እናንተ ሽማግሌዎችና አገልጋዮች ሆይ፣ በሚመጣው እሁድ ያቺ እህት በጎን በር ስትወጣ ካያችኋት “ታገሺ” ከማለታችሁ በፊት “ዛሬ ማታ ወደ ቤት ብትመለሺ ምን ይደርስብሻል?” ብላችሁ ጠይቋት። ከዚያም መልሷን ሰምታችሁ ብቻዋን አትስደዷት።

የመበለቶች ዳኛ፣ የተገፉትም መጠጊያ የሆነ አምላክ ቤቶቻችንን ሰላም የሚያድርባቸው ያድርጋቸው። አሜን።